ሃያ ፊርማ፣ አሥራ ዘጠኝ ሰው

እትዬ ጠራዥ መጽሐፍ ከመስፋታቸው በፊት የታጠፈውን ወረቀት በአውራ ጣታቸው እየገለጡ ይቆጥራሉ። ተቆጥሮ ቢመጣላቸውም መልሰው ይቆጥራሉ። «የቆጠረው ሰው ይማል፤ እኔ አልምልለትም» ይላሉ። በማተሚያ ቤታችን ሃያ ሰባት ዓመት ሲሠሩ ገጽ የጎደለው መጽሐፍ ከእጃቸው አልወጣም። በወር አንድ ቅዳሜ እኛን ሠራተኞቹን ይዘው ተራራ የሚወጡትም እሳቸው ናቸው።

ማንም አልሾማቸውም። ጉልበታቸውን ሲያማቸው መራመድ ጀመሩ፤ ሲሻላቸው እኛንም ይነዱን ጀመር። አዲስ ጫማ ለዳገት አይሆንም። ውሃ ሳይጠማህ ጎንጨት በል። ሰማዩ ጥርት ቢልም የዝናብ ልብስ ያዝ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀርፋፋው ከፊት ይሂድ፣ እሳቸው ከኋላ። «ፈጣኑ ቀስ ማለት አያቅተውም፤ ቀርፋፋው ግን መፍጠን አይችልም። ታዲያ ማን ለማን ይታዘዝ?»

ይህን ለመረዳት ዲግሪ አያስፈልግም። ለመርሳት ግን ሳያስፈልግ አይቀርም፤ ባለፈው ጉዞ ባለ ዲግሪው አዲሱ ሥራ አስኪያጃችን አብሮን መጣ።

የዚያን ቀን አራሚያችንም ለመጀመሪያ ጊዜ መጥቷል። ከባድ ሰው ነው፤ ሐኪሙ «ወይ ተራመድ፣ ወይ ሌላ ሐኪም ፈልግ» ብሎታል። እትዬ ዓይናቸው ጫማው ላይ አረፈ።

«ይሄን መቼ ነው ከካርቶኑ ያወጣኸው?»

«ትናንት፣ እትዬ። ሳሎን ውስጥ ሁለት ዙር ሄጄበታለሁ።»

«ሳሎንህ ዳገት አለው?»

ተረከዙ ላይ ፕላስተር ለጠፉለትና ከፊት አቆሙት።

«እኔ ከፊት? ሰው ሁሉ ጀርባዬን ሊያይ?»

«ጀርባህ ሰፊ ነው፤ ከፀሐይ ይከልለናል። ሂድ!»

አንድ ሰዓት በሰላም ወጣን። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ትዕግሥቱ አለቀ። ጉም ሳይመጣ ጫፉ ላይ ፎቶ መነሳት አለብን አለ። «በዚህ አካሄድ የምንደርሰው ጡረታ ስንወጣ ነው። መንገዱን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ይምሩን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!» አለና ድሩን እዚያው በጠሰው።

እትዬ ፊታቸውን አጨማደዱ። «በየመንታ መንገዱ ቆመን እንቆጠራለን?»

«ዝርዝር ይዣለሁ፤ ሁሉም እየፈረመ ያልፋል።»

እሳቸው ከፊት ሆኑ፤ የኋላውን ቦታ ለእኔ፣ ለወረቀት ቆራጩ ሰጡኝ። «ካንተ ኋላ ሰው እንዳይቀር!»

አራሚው አፍሮ ዳር ቆመና «እለፉ፣ እደርስባችኋለሁ» ይል ጀመር። እኔም አለፍኩት። አዎ፣ እኔ። መንታው መንገድ ላይ ወረቀቱ ሲደርሰኝ ለራሴ ፈረምኩ፤ ለእሱም ፈረምኩለት። እኛ ዘንድ ጠዋት ለዘገየ ባልደረባ መፈረም ወግ ነው። ጓደኝነት እንለዋለን። ምን ዓይነት ጓደኝነት ነው ዞር ብሎ የማያይ? የሌለውን ሰው አለ እያልን አንድ ቀን በቁሙ ልንቀብረው ነው!

ጫፉ አሥራ አምስት ደቂቃ ሲቀረው እትዬ ቆሙ። ወረቀቱን አልጠየቁም፤ አውራ ጣታቸውን አንስተው ቆጠሩን። መልሰው ቆጠሩን።

«አሥራ ዘጠኝ።»

«ኧረ እትዬ፣ ሃያ ፊርማ አለ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ፊርማውማ ተራራ ወጥቷል። ሰውዬው የታለ?»

እጄን አነሳሁ። «እኔ ነኝ የፈረምኩለት… እንዳይቀርበት ብዬ።»

«ምኑ እንዳይቀርበት? እሱ ራሱ ቀርቷል እኮ!»

ስልክ ሞከርን፤ ኔትወርክ የለም። ጉሙ ከላይ እየወረደ ነው። ሥራ አስኪያጁ ጫፉን አየ። «ፎቶውን ቶሎ አንስተን ስንመለስ ብናገኘውስ?»

«ልጄ» አሉት፤ ያን ጊዜ አለቅነቱን ረስተውታል፣ «መንታው ላይ ወደ ግራ ከታጠፈ ፊቱ ገደል ነው። ዙር!»

ዞረ። ሁላችንም ዞርን።

ከመንታው በግራ በኩል ሃምሳ እርምጃ ያህል ገብቶ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። አንድ እግሩ ባዶ ነው፤ ፕላስተሩ ተልጦ ተረከዙ ቆስሏል። ያ ክፉ ጫማ ባያስቆመው ኖሮ መንገዱን ይቀጥል ነበር፤ ከፊቱ ያለው ጉም እንኳን ገደል፣ የራስን እጅ አያሳይም።

«ተጣርቼ ነበር» አለ። «እትዬ፣ የሰው ስህተት ስለቅም ኖሬ ዛሬ እኔው ስህተት ሆንኩ።»

«ስህተቱ አንተ አይደለህም።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ፣ የጫማ ቁጥርህ ስንት ነው?»

«አርባ ሁለት።»

«ያንተስ?»

«አርባ ሁለት» አለ አራሚው።

«አውልቅ!» አሉኝ።

እሱ በእኔ አሮጌ ጫማ ከፊት፣ እኔ በእሱ አዲስ ጫማ ከኋላ ሆነን ወረድን። ተረከዜ ውሃ ቋጠረ። ማንም አላዘነልኝም፤ ደግ አደረጉ።

በሚቀጥለው ወር ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረም። አራሚው ጫማውን ወር ሙሉ ሥራ ቦታ አድርጎት አለዝቦታል፤ ከፊት ቆሞ «አንድ!» ሲል ድምፁ ሸለቆውን ሞላው። በየመንታው ቆመን ቁጥራችንን እየጮህን ወጣን። ሥራ አስኪያጁ አሥራ ዘጠኝ ነው። የኋላውን ቦታ እትዬ አልነጠቁኝም፤ ሃያ የምለው እኔ ነኝ። ከማለቴ በፊት ግን ዞር ብዬ አያለሁ።