አቶ ሰይፉ የተቀበሉት ጽዋ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ከሠርጓ በኋላ የምትሄድበትን ሆቴል በስልኳ አሳየችኝ። ካሪቢያን ከሚባለው ባሕር ደሴቶች በአንዱ ላይ ያለ ነው፤ አሸዋው ነጭ፣ ውኃው ሰማያዊ። ከሥዕሉ በታች እንግዶች በቀን ደርሰው የሚመለሱባቸው ቦታዎች ተጽፈዋል፤ ጠዋት ፏፏቴ፣ ከሰዓት በኋላ የድሮ ምሽግ። አስረጂም አብሮ ይሄዳል። «እኔም እኮ አስረጂ ነበርኩ» ስላት ሳቀች።

በእኛ አቆጣጠር በሃምሳዎቹ መጨረሻ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ ጀማሪ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ። ምሳዬን የምበላው በደሴ መንገድ ዳር በነበረው በእትዬ ዘነበች ሆቴል ነው። እትዬ ዘነበች ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ቤቱን ብቻቸውን ይዘው ነበር። መንገደኛው ጥብሱን በልቶ፣ ብርዱን አማርሮ ይሄዳል እንጂ የሚያድር አልነበረም።

«እስከ ገና አልጋዎቹ ሰው ካላገኙ ዘግቼ ወንድሜ ቤት እገባለሁ» አሉኝ አንድ ቀን። ከወንድማቸው ሚስት ጋር ዓይንና ናጫ እንደሆኑ ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር።

እኔ ደግሞ ለሁሉ ነገር መፍትሔ አላጣም ባይ ነበርኩ። ሰው የሚያድረው የሚያየው ነገር ሲኖር ነው፤ እንግዲያው እንግዶቹን አንኮበር ወስጄ አሳያለሁ አልኳቸው። የመጀመሪያዎቹ እንግዶች አቶ ሰይፉና ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ሆኑ። ወደ ደሴ የሚያልፉ የአዲስ አበባ ሰዎች ናቸው። እትዬ ዘነበች ለምነው ለምነው አንድ ሌሊት አስጨመሯቸው።

ዕለቱ የጥቅምት ሚካኤል ነበር። በተከራየነው ላንድሮቨር ስንወጣ ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልረገፈም። መንገዱ ያንገጫግጫል፤ እኔ አስረዳለሁ። ደጋው ለምን ገብስ እንደሚስማማው፣ የበጎቹ ጠጉር ለምን እንደሚረዝም፣ ጅብራ የሚባለው ተክል ብርዱን እንዴት እንደሚችለው። አቶ ሰይፉ መጀመሪያ «እህ» ይሉ ነበር። በኋላ «እህ»ታውም ቀረ።

የድሮው ቤተ መንግሥት ከነበረበት ኮረብታ ላይ ስንወጣ ጉሙ ገደሉን ሞልቶታል። ያም ሆኖ ማስረዳቴን አላቋረጥኩም።

«ከዚህ ሆነን ቆላው እስከ አፋር በረሃ ይታያል።»

«የቱ ጋ ነው መምህር?» አሉ ወይዘሮ አስካለ ጋቢያቸውን እየተከናነቡ።

«እዚያ፣ ከጉሙ በስተጀርባ።»

«ከጉሙ ወዲህ የሚታይ ነገር የለም?»

አልነበረም። ባልየው ወደ መኪናው ሲመለሱ «ለሚያውቁን ሁሉ ደብረ ብርሃን አትደሩ፣ ምሳ በልታችሁ እለፉ ማለት ነው» ሲሉ ሰማኋቸው። እትዬ ዘነበች ወንድማቸው ቤት ሲገቡ ታየኝ።

ስንመለስ አንድ ሽማግሌ መንገዱ መሐል ቆመው ጭራቸውን አወዛወዙ።

«በሚካኤል! ሳትቀምሱማ አታልፉም!»

ይህ በፕሮግራሙ ውስጥ የለም ልል አፌን ስከፍት ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋው።

ሽማግሌው ያስገቡን ቤት በሰው ሞቅ ያለ ነበር። ጠላው፣ የገብስ ዳቦው፣ ወጡ ቀረበ። እኔም አቶ ሰይፉ አጠገብ ተቀምጬ ቀጠልኩ፤ የሚካኤል ማኅበር መሆኑን፣ መሪው ሙሴ እንደሚባል፣ በየወሩ ጽዋውን የሚቀበል ሰው በሚቀጥለው ወር ለማኅበርተኛው ሁሉ እንደሚደግስ። ማንም የሚያውቀውን ነገር ነው የማስረዳቸው። ዞር ስል አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቋል።

ጸሎቱ አልቆ ሰው ሁሉ ሲነሣ አቶ ሰይፉ ባነኑ። ሙሴው ጽዋውን ይዘው ፊት ለፊታቸው ቆመዋል። ጽዋው የሚሰጠው ከጎናቸው ላለው ገበሬ ነበር። አቶ ሰይፉ ግን ብድግ ብለው በሁለት እጃቸው ተቀበሉና ሳሙት። የገበሬው እጅ እንደተዘረጋ ቀረ።

ከዚያ ከጓዳ በኩል እልልታው ቀለጠ።

«ኧረ እኔ እንግዳ ነኝ! እንቅልፌን ነው!» አሉ አቶ ሰይፉ።

«ታዲያ ሚካኤል ካልሆነ ማን ቀሰቀስዎት?» አሉ ሙሴው።

ወይዘሮ አስካለ ከሳቃቸው የተነሣ እንባቸውን ይጠርጋሉ። «ሰይፉ፣ ተኝተህ ድግስ ታመጣብኝ! ያውም የኅዳር ሚካኤልን!»

«በማላውቀው አገር የት ቤት ልደግስ ነው?»

ማታ እትዬ ዘነበች ነገሩን ሲሰሙ አልሳቁም። ትንሽ አሰቡና «ግቢው ይኸው። እዚህ ይደገሳል» አሉ።

በኅዳር አቶ ሰይፉና ባለቤታቸው ዘመድ አዝማዳቸውን ጭነው ቀደም ብለው መጡ። ማኅበርተኛው በበቅሎና በእግር መጣ። ማታ ብርዱ ስለጠና ማንም አልተመለሰም፤ አልጋው ሞልቶ ምንጣፍ ተነጠፈ። አቶ ሰይፉ ማኅበርተኛ ሆነው ቀሩ፤ ከዚያ በኋላ በሚካኤል በሚካኤል ከአዲስ አበባ መኪና መምጣቱ አልተቋረጠም፣ ማደሩም እንዲሁ። አንኮበርን አሳዩን ያለኝ ግን የለም። እትዬ ዘነበች እዚያው ሆቴላቸው ውስጥ አረጁ።

የልጅ ልጄ ይህን ሰምታ «አባባ፣ ታዲያ ያን ቀን ምን አሳየሃቸው?» አለችኝ።

«ጉም።»

በዚያ ደሴት ያለው አስረጂ እንደ እኔ ወሬ አብዝቶ ባልዋን ያስተኛው እንደሆን እንዳትቀሰቅሰው መከርኳት።