ከጎባ እስከ አዳባ በፊታውራሪ ደጉ ሊሙዚን

ከጎባ የተነሣነው በሚያዝያ ወር፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። የጉዞው ዓላማ ወይዘሮ አመለወርቅን አዲስ አበባ አድርሶ ማሳከም ነበር። ሆዳቸው ውስጥ ያለው እባጭ በቀዶ ጥገና መውጣት እንዳለበት፣ ያም እዚህ እንደማይሠራ ሐኪሙ ለባላቸው ለፊታውራሪ ደጉ ቁርጡን ነግሯቸዋል። አውሮፕላኑ በጭቃው የተነሣ ጎባ ማረፍ ካቆመ ሰንብቷል።

እኔ ሾፌራቸው ነበርኩ። መኪናቸው እንግሊዝ ሠራሽ ሊሙዚን ነበረች፤ ጥቁር፣ ረጅም፣ የኋላ ወንበሯ እንደ አልጋ የሚያስተኛ። ወደ አገሩ ከሚመለስ እንግሊዛዊ ገዝተዋት በበጋ ከአዲስ አበባ ያመጣኋት እኔ ነኝ። ባልና ሚስቱ ልጅ አልነበራቸውም። እሑድ እሑድ ሲናና ድረስ ወስጃቸው፣ መስኮቱን ዝቅ አድርገው የስንዴውን ማሳ ሲያዩ ይውሉ ነበር።

በዋዜማው ፊታውራሪ አስጠርተውኝ፣ «ታደሰ፣ እውነቱን ንገረኝ። በዚህ ጭቃ ትደርሳለች? ካልሆነ ሌላ መኪና እፈልጋለሁ» አሉኝ።

«ትደርሳለች ጌታዬ» አልኩ።

የሞተሯ ሆድ ለመሬት የቀረበ መሆኑን አውቅ ነበር። ግን እሷን እየነዳሁ አዲስ አበባ ስገባ የድሮ ሾፌር ጓደኞቼ እንዲያዩኝ ፈለግሁ።

ሮቤ

በስሙኒ ትኩስ ወተት ገዝቼ ለወይዘሮ አቀረብኩላቸው፤ ሁለቴ ተጎንጭተው መለሱልኝ። የእህል ነጋዴው ሐጂ ከድር ከሱቃቸው ወጥተው እንዴት አደራችሁ ሊሉን መጡ።

«አካም ቡልተኒ፣ ፊታውራሪ? ከዲንሾ ወዲያ መንገዱ ተበላሽቷል። የኔ የጭነት መኪና ነገ ስንዴ ይዞ ይነሣል። ጋቢናውን ለወይዘሮ እለቃለሁ።»

ፊታውራሪ ወደ እኔ ዞሩ። «እናልፋለን» አልኩ።

«መቀመጥ አትችልም ሐጂ» አሉ ፊታውራሪ። «እዚህ ተኝታ ትሄዳለች።»

«እንግዲህ አላህ ያሽራቸው» ብለው ሐጂ በሩን ቀስ አድርገው ዘጉልን።

ዲንሾ

ጉሙ ጥዱን ሸፍኖት ነበር። ከተማዋን አልፈን ብዙ ሳንሄድ፣ ካባ የደረቡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙንና «ሂን ደርቡ» አሉኝ፤ መኪናዋ አታልፍም ማለታቸው ነው። አመስግኜ ነዳሁ። ገና ከዓይናቸው ሳንርቅ ጭቃው ውስጥ የተደበቀ ድንጋይ የሞተሩን የዘይት ቋት ቀደደው። ወርጄ ከሥር ሳይ ዘይቱ እየተንዠቀዠቀ ነው።

በዚያ ቀን የሚያልፍ መኪና አልነበረም። ሽማግሌው ልጆቻቸውን ጠርተው ወይዘሮን በቃሬዛ ወደ ቤታቸው አስወሰዱ፤ መደባቸውን ለቀው የበግ ለምድ አነጠፉላቸው።

«ታደሰ፣ ጎማው ነው?» አሉኝ ወይዘሮ።

«አዎ እመቤቴ።»

«እንግዲያስ አትቸኩል።»

አዳባ

በማግስቱ ቀትር ላይ የሐጂ ከድር መኪና ደረሰ። ሐጂ ራሳቸው መጥተው ነበር፤ አንድም የወቀሳ ቃል አልወጣቸውም። ወይዘሮ ጋቢናው ውስጥ መቀመጥ ስላቃታቸው በስንዴው ጆንያ ላይ ፍራሽ ዘርግተን አስተኛናቸው። ዝናቡ ሲመጣ ሸራውን እኔና ፊታውራሪ ግራና ቀኝ ይዘን ሄድን። አዳባ ልንገባ ስንል ፊታውራሪ የያዙትን ጫፍ ለቀቁት። ቀና ስል የሚስታቸውን ዓይን እየከደኑ ነበር።

ሐጂ እህሉን አዳባ አራግፈው አስከሬኑን ይዘውልን ተመለሱ። ሊሙዚኗን አልፈን ስንሄድ ማንም ቀና ብሎ አላያትም።

ጎባ

ቀብሩ ሐሙስ ተፈጸመ። ከሣልስቱ በኋላ የመኪናዋን ቁልፍ ልመልስ ገባሁ። ፊታውራሪ ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

«ሐጂ እየለመነኝ እምቢ ያልኩ እኔ ነኝ» አሉ። «ለስላሳ ወንበር ብዬ ገደልኳት።»

«እኔ ነኝ የዋሸሁዎት» ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «እግዜር ያጽናዎት» ብዬ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኑሬ ወጣሁ።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ነገር ካለ፣ ሰው ስለሚኮራበት ነገር ሲጠየቅ እንደማይታመን ነው። ይህን ለማወቅ ግን የሰው ሚስት ጆንያ ላይ መሞት አልነበረባትም። ፊታውራሪ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሩ፤ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ራሳቸውን ይከሱ ነበር። እኔም ዝም እንዳልኩ ቀበርኳቸው።