መርዶ ይዤ ደሴት የዞርኩበት ሳምንት

አይስላንድን በመኪና ለመዞር የሚነሳ ሰው ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለበት መንገዱ አንድ ብቻ መሆኑን ነው። የባሕሩን ዳር ይዞ ደሴቲቱን ይዞርና ተመልሶ ከተነሳበት ይገጥማል፤ ርዝመቱ ሺህ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መሀሉ እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ፣ በረዶና ድልድይ የሌለው ወንዝ ነው። ይህን ሁሉ የተማርኩት እግሬ ደሴቲቱን ሳይረግጥ፣ ዘ ሄግ፣ ስኪልደርስዋይክ የሚባል ሰፈር ውስጥ ባለችው ጠባብ ወጥ ቤቴ ነው፤ ጊዜውም የፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ነበር። ያስተማረችኝ አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ ናት። አባቷ መሞታቸውን እኔ አውቅ ነበር፣ እሷ አታውቅም።

ጓደኛዬ በባቡር እየተመላለሰች ዴልፍት ትማራለች። ትምህርቷ ከመሬት ሆድ በሚወጣ እንፋሎት መብራት ስለ ማመንጨት ነው፤ የላካት መሥሪያ ቤትም ተመልሳ በስምጥ ሸለቆው እንድትሠራበት ይጠብቃታል። አስተማሪዋ በአይስላንድ ሰሜን የእንፋሎት ጉድጓዶች ካሉበት ቦታ ሁለት ቀን እንድትለካ አስፈቀደላት። ከሄድን አይቀር ለምን ዙሪያውን አናየውም አለችኝ። “አናየውም” ስትል እኔን ሹፌር አድርጋ ነው። ድንጋይ በስሙ ትጠራለች እንጂ ክላች ከፍሬን አትለይም፤ እኔ ግን ሻርሎይስ በሚባል የሮተርዳም ሰፈር የአንድ ልብስ እጥበት ቤት ቫን እነዳ ስለነበር የከተማውን ሆቴሎች አንሶላ ስሰበስብ ነው የምውለው።

መርዶውን ያመጡልኝ እዚያው ሥራ ቦታዬ ነው። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ አሉ፤ ከማናችንም በፊት የመጡ፣ ከአገር ቤት ለሚደወል ክፉም ደግም ስልካቸው የሚታወቅ። አንሶላ ስጭን መጥተው ቆባቸውን አወለቁና የጓደኛዬ አባት ደብረ ብርሃን ላይ ማረፋቸውን ነገሩኝ። ከሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋር መክረው ጨርሰዋል። ሥራዋን ሠርታ፣ ፋካንሲ የሚሉትን ዕረፍቷንም ጨርሳ ስትመለስ፣ በወጉ፣ ጠዋት በማለዳ ሰው ተሰብስቦ ትረዳለች። አሁን ብትሰማ ሁሉን ትታ ትነሳለች፤ ከሄደች ደግሞ መንግሥት ተመልሳ እንድትወጣ አይፈቅድላትም። መንገድ ላይ ብትሰማስ፣ አሉ፣ በሰው አገር ማን ይይዛታል?

“እኔ አለሁ አይደል?” አልኳቸው።

“አንቺ መሪ ትይዣለሽ” አሉኝ።

አልተከራከርኳቸውም። እኔ ሆላንድ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት የወንድሜን ሞት በስልክ ነው የሰማሁት። ስልኩን ዘግቼ ሥራዬ ሄድኩ፤ ቢሮ ማጽዳት ነበር ያኔ። የያዘኝም ያለቀሰልኝም የለም፣ እኔም አላለቀስኩም። ከዚያ ወዲህ ውስጤ የደነዘዘ ነገር አለ፤ ጥርስ ሊነቀል ተወግቶ ሳይለቅ እንደቀረ ማደንዘዣ። እሷ እንደኔ እንድትሰማ አልፈለግሁም። ጋሼ የነገሩኝን ይዤ አንሶላዬን ጭኜ ሄድኩ።

በዚያው ቅዳሜ ካርታውን ገዛን። ጠረጴዛውን ሙሉ ስለሚሸፍነው ሦስት ሳምንት ቆመን በላን ማለት ይቻላል። እሷ በቀይ እርሳስ የምናድርበትን ትከባለች፣ እኔ ነዳጅ ማደያዎቹን። ከመለኪያዋ ሁለት ቀን ሌላ ሰባት ቀን፣ በቀን ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር። ለሻርሎይስ ቫን ሁለት መቶ ቀልድ ነው፤ እዚያ ግን ግማሹ ኮረት ነው፣ ድልድዩም አንድ መኪና ብቻ ስለሚያሳልፍ ቀድሞ የደረሰ ያልፋል። ታንከሩ ግማሽ ሲደርስ መሙላት፤ የመኪና በር ሲከፈት በሁለት እጅ መያዝ፣ አለበለዚያ ነፋሱ ገንጥሎት ይሄዳል። እሷ መሀሉን አቋርጠን የቀዘቀዘውን የእሳተ ገሞራ አለት እንድናይ ለመነችኝ። መኪና ተከራይቼ ወንዝ ውስጥ አልገባም አልኳት። ለሁለት ቀን አኮረፈችኝ።

አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ የመንገድ ሥራ ግሬደር ነጂ ነበሩ። ስለዚህ ስለ ኮረት በተነሳ ቁጥር እሳቸው ይነሳሉ፤ አባዬ ይሄንን ቢያይ፣ አባዬ ይሄንን በሁለት ቀን ነበር የሚደለድለው። እኔ “እህ” እያልኩ ኪሎ ሜትር እደምራለሁ። ሐዘን ቢሰማኝ ደግ ነበር። የሚያሳፍረኝ ግን ያ ሦስት ሳምንት ደስ ማለቱ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደምፈልገው ቦታ የምሄድበትን መንገድ እኔው ራሴ እያወጣሁ ነበር፤ አንዳንድ ቀን ሰውየው መሞታቸውን እስከ ራት ድረስ እረሳለሁ።

እዚያ ስንደርስ ሁሉም እንደ ዕቅዱ ሆነ። አይመሽም፤ መሬቱ ጥቁር ነው፣ በጉ ዞረውኝ ያልፋሉ ብሎ መንገድ መሀል ይተኛል። እሷ በየመቶ ሜትሩ አቁሚ እያለች ድንጋይ ታነሳለች፣ የኋላ ወንበሩ ጠጠር ሞላ። ሦስት ቀን እንዲህ አለፈ። እኔ ፊት ለፊቴን አያለሁ፤ መንዳት ለዚህ ጥሩ ነው፣ ጎንሽ ያለውን ሰው ዐይን እንዳታዪ ያደርግሻል።

በአራተኛው ቀን ቀትር ላይ፣ በምሥራቅ በኩል አንዲት ዓሣ አጥማጆች የሚኖሩባት መንደር ነዳጅ ልንሞላ ቆምን። ከፍዬ ስመጣ መኪናው ውስጥ ጉልበቷ ላይ ፖስት ካርድ ይዛ ትጽፋለች። ጨርሳ ካርዱንና ብዕሩን ሰጠችኝ።

“አንቺም ሁለት መስመር ጨምሪበትና አባዬን ሰላም በዪው። ሹፌሯ ማናት ይላል አለበለዚያ።”

ካርዱን ተቀበልኩ። አድራሻው ላይ የአባቷ ስም በትልልቁ ተጽፏል። “ጤና ይስጥልኝ” ልል ጀምሬ፣ ከ“ጤና” ማለፍ አቃተኝ። እጄ እንቢ አለ፤ አፌ ሦስት ሳምንት የቻለውን እጄ አልቻለም።

“አባትሽ አርፈዋል” አልኳት። እንዲሁ፣ ነዳጅ ማደያ ቆመን፣ ቀበቶዬን እንዳሰርኩ።

አልጮኸችም። ካርዱን ከእጄ ወስዳ አየችው። “መቼ?” አለችኝ።

ልዋሻት እችል ነበር። ትናንት ደውለው ነው ብላት ታምነኛለች።

“ካርታውን ከመግዛታችን በፊት” አልኳት።

ከኋላችን የቆመ መኪና ጥሩንባ ነፋ፣ ፈቀቅ አልኩለት። እሷ ካርታውን ዘርግታ ለረጅም ጊዜ አየች። እንመለስ እንደምትል ጠብቄ ነበር። “እኩል ነው” አለች፤ “ወደፊትም ወደኋላም እኩል ነው። ንጂ።” እውነቷን ነበር፣ ልክ ግማሹ ላይ ነበርን። ነዳሁ።

በማግስቱ እንፋሎቱ ቦታ ደረስን። ሁለቱንም ቀን ጉድጓዶቹን ለካች፣ በደብተሯ ጻፈች፣ ከሠራተኞቹ ጋር ተጨባበጠች። እኔ መኪና ውስጥ ሆኜ በጭሱ መሀል ስትመላለስ አያት ነበር። በቀረው መንገድ የተነጋገርነው ግራ፣ ቀኝ፣ ድልድይ ብቻ ነው። ድንጋይ ማንሳቱንም ተወችው። አውሮፕላኑ ውስጥ ልንገባ ስንል ብቻ፣ “እነ ጋሼን ነግሬያታለሁ እንዳትያቸው። በወጉ ያርዱኝ” አለችኝ።

በተመለስን በሦስተኛው ቀን፣ ገና ትራም ሳይጀምር፣ ጋሼ በሩን አንኳኩ። ከኋላቸው ደረጃው ሙሉ ነጠላ ያዘቀዘቀ ሰው ነው፤ ከሮተርዳም፣ ከአምስተርዳም፣ ከዴልፍት ሌሊት ተነስተው የመጡ። ከመኝታ ቤት ስትወጣ ሁለት ሴቶች በግራና በቀኝ ያዟት፣ ጋሼም ተናገሩ። ያኔ ጮኸች። የማስመሰል አልነበረም፤ ሳምንት ሙሉ የት አስቀምጣው እንደነበር እንጃ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ አባዬ እያለች ደረቷን መታች። ሴቶቹ አብረው አለቀሱ። እኔ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ ማልቀስ እንዳለብኝ አውቃለሁ፣ ግን ምንም አልመጣልኝም።

ለቅሶው ጋብ ሲል ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። ይቺ ልጅ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር አሉ፤ ያን ሁሉ ቀን አብራት ውላ፣ አብራት አድራ፣ ፊቷ እንኳ ሳይለወጥ ችላ መለሰችልን። ሰዉም እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ አለኝ።

ጓደኛዬ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ አየችኝ።

“አዎ” አለች፣ “የሷ ፊት አይለወጥም።”

ሁሉም ምስጋና መሰላቸው።