ከቤት ያወጣሁት የጋሼ ነጋሳ ዜማ

ውሸት ነው አልኩ።

ሾፌራችን አብዲ ጠዋት ደውሎ «ጋሼ ነጋሳ አረፉ» ሲለኝ «ሂድ ወዲያ፣ በዚህ ይቀለዳል?» ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁት። ማክሰኞ እኮ ዳሪሙ ከተማ ከነበረው ሰርግ አብረን ነው የተመለስነው። መንገዱ እያንገጫገጨን እሳቸው ጊታራቸውን አቅፈው እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። መልሼ ደወልኩ። አብዲ እያለቀሰ ነው ያነሳው።

ለማታውቋቸው፣ ጋሼ ነጋሳ እኔ የምዘፍንበት ባንድ ጊታር ተጫዋች ነበሩ። መቱ፣ ጎሬ፣ በደሌ፣ ያዮ ልጁን የዳረ ሁሉ ያውቃቸዋል። ያቺን ቢጫ ኮታቸውን ለብሰው ማጉያውን እስከ ጥግ ከከፈቱት ወገቤን የሚል ሽማግሌ እንኳ ወንበሩ ላይ አይቀርም። የተጠየቁትን ሁሉ ይጫወታሉ፣ እምቢ አያውቁም።

ቤታቸው ግን ሌላ ሰው ነበሩ። ማጉያው ሚኒባሱ ላይ ይቀራል እንጂ ደጃፋቸውን አልፎ አያውቅም። ኮታቸውን አውልቀው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ያለ ገመድ ለባለቤታቸው ለእትዬ አስናቀች ይጫወታሉ። እትዬ ጎመን እየቀነጠሱ ይሰማሉ። እኔም እንደ ልጅ ስለምገባ ስለምወጣ አንዳንዴ ጥግ ይዤ እሰማ ነበር።

አንድ ዜማ ነበራቸው። እትዬ ታመው ሆስፒታል በተኙ ጊዜ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጠው ያወጡት ነው። ግጥም የለውም። «ጋሼ፣ ይሄንን መድረክ ላይ እናውጣው» ስላቸው ሳቁ። «ኩን ከን መናቲ» አሉኝ በኦሮምኛ። ይሄ የቤት ነው ማለታቸው ነው። ሌላም ጊዜ ለመንኳቸው፣ መልሳቸው ያው ነበር።

እኔ ምን አደረግኩ? ግጥም ጻፍኩበት። ያዮ አንድ ሰርግ ላይ፣ ዳሱ ጢም ባለበት፣ የሙሽራዋ አባት «አዲስ ነገር የላችሁም ወይ?» ሲሉ ማይኩን ይዤ ጀመርኩት። ጋሼ ከኋላዬ ቆመዋል። ጊታሩ ቀጥ አለ። ሰው ክር የተበጠሰ መስሎት ነበር።

ከዚያ መልሰው ገቡ። የሰው ሰርግ አያበላሹማ! አንገታቸውን ደፍተው የገዛ ዜማቸውን እስከ መጨረሻው አጀቡኝ። ሕዝቡ «ድገመው!» አለ። ደገምኩት።

ሚኒባስ ውስጥ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ድምፅህ ጥሩ ነበር።»

ያን ጊዜ ይቅርታ ልል እችል ነበር፣ አላልኩም። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነው እንዳልል ውሸት ነው። ጭብጨባ ፈልጌ ነው። ከዚያ በኋላ ጎሬም በደሌም ዘፈንኩት፣ እሳቸውም ሁሌ አንገታቸውን ደፍተው አጀቡኝ።

ዛሬ ፌስቡኩን የሞላው ያኔ ያዮ ሰርግ ላይ ተቀርጾ ገጼ ላይ የለጠፍኩት ቪዲዮ ነው። «እንዴት ተመስጠው ነበር!» እያላችሁ ከስሩ ትጽፋላችሁ። ወገኖቼ፣ ተመስጠው አይደለም። አንገታቸውን ያስደፋኋቸው እኔ ነኝ።

ከሁሉም የከፋው ግን ይሄ አይደለም። ከያዮ በኋላ ጋሼ ቤታቸው መጫወት ተዉ። አንድ ቀን እትዬ ደጅ ድረስ ሸኝተውኝ ቀስ ብለው ጠየቁኝ። «አንተ ልጅ፣ ጣቶቹን ያመዋል እንዴ? የጊታሩን ሻንጣ እኮ ቤት ውስጥ አይከፍተውም።» ምክንያቱን አውቃለሁ። «ድካም ነው እትዬ፣ መንገዱ ነው» ብዬ ሄድኩ።

ዛሬ ለቅሶ ቤት ስገባ ሻንጣው በሩ አጠገብ፣ እንደተቆለፈ ነው። አልቻልኩም። እትዬ እግር ስር ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፣ ቢቆጡኝ ደስ ባለኝ።

ቀና ብለው ሻንጣውን አዩት። ከዚያ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «እኔ እኮ የሰለቸሁት መስሎኝ ነበር።»

ይህን ሁሉ ጊዜ ሴትዮዋ ባሌን ሰለቸሁት ብለው በዝምታ ኖረዋል። እኔ በሳምንት ሁለቴ ቤታቸው እየገባሁ፣ እጃቸው ያበሰለውን እየበላሁ! አፈርኩ። ይህን ስጽፍ ራሱ እያፈርኩ ነው፣ ግን እትዬ ብቻቸውን የተሸከሙትን እናንተም እወቁት ብዬ ነው።

ቪዲዮውን ከገጼ አጥፍቻለሁ። ያላችሁም አጥፉልኝ፣ እባካችሁ።

ጋሼዬ፣ ነገ መሸኛዎ ላይ ያንን ዜማ እንድዘፍን የባንዱ ልጆች ጠይቀውኝ ነበር። አልዘፍነውም። ቢጫ ኮትዎን ደረቴ ላይ ይዤ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ዝም ብዬ ከኋላዎ እሄዳለሁ። እትዬ እንዳልሰለቹዎት አውቀዋል። ከእኔ አፍ መስማታቸው ዘገየ፣ ይቅር ይበሉኝ። በሰላም ይረፉ ጋሼ። ዜማው የቤት ነው።