ሳይጠይቁኝ ያጸዳሁት ኮምፒውተር

ባለፈው ሳምንት አንዲት የፋብሪካችን ሠራተኛ «አልነሳ አለኝ» ብላ ላፕቶፗን ከነቦርሳው ጠረጴዛዬ ላይ ጥላልኝ ሄደች። ዚፑን ስከፍተው ቀይ ሽንኩርት ቀይ ሽንኩርት ሸተተኝ። ከመቂ መስመር በሚኒባስ ስትመጣ ከጆንያ ጋር ተደርቦ መሆን አለበት። እጄን ቦርሳው ውስጥ እንደከተትኩ ቀረሁ። ባልደረባዬ «ምነው፣ አይጥ አለበት እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ።

የመምህሩም ቦርሳ እንደዚያ ነበር የሚሸተው።

ያን ጊዜ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። እዚሁ አዳማ፣ ከመናኸሪያው ብዙም በማይርቅ አንድ የኮምፒውተር ጥገና ቤት እሠራ ነበር። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ከፊት ፎቶ ኮፒ ማሽኑ፣ ከኋላ እኔ። ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ሲግል የቶነሩ ሽታና ከውጭ የሚገባው አቧራ አንድ ላይ ጉሮሮ ይይዛል። የባጃጅ ጡሩምባማ ከመልመዴ የተነሳ ካልሰማሁት ይጨንቀኝ ነበር። ስሜ የወጣው በአንድ ነገር ነው፤ ፎርማት በማድረግ። ዘገየ? ፎርማት። ቫይረስ ገባ? ፎርማት። ድምፅ አላወጣ አለ? እሱም ፎርማት። የሰውየውን ፋይል ወደ ፍላሽ እገለብጣለሁ፣ የቀረውን ድምጥማጡን አጠፋለሁ፣ ሁሉን እንደ አዲስ እጭናለሁ፣ በአንድ ሰዓት ከምናምን አስረክባለሁ። ኔክስት፣ ኔክስት፣ ፊኒሽ። መስኮቱ ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ ማን ያነባል? በከተማው ያለ ጥገና ቤት ሁሉ እንደዚያው ነበር። ይህን የምለው ራሴን ነፃ ለማውጣት አይደለም።

መምህሩ በመቂ መስመር ካለችው ከዓለም ጤና ከተማ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጡ ነበር። እዚያ ታሪክ ያስተምራሉ፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ እዚህ ማስተርሳቸውን ይማራሉ። ዓይነ ስውር ናቸው። ሞጆ ላይ መኪና ቀይረው፣ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ታቅፈው፣ ከመናኸሪያው እስከ እኛ ቤት ማንም ሳይመራቸው በዘንጋቸው ይመጣሉ። በሩ ላይ ቆም ብለው «አካም ጂርታ፣ ኢንታላ» ይሉኛል፤ ደህና ነሽ ልጄ ማለታቸው ነው። ድምፄን ሳላሰማ መኖሬን በምን እንደሚያውቁ እንጃ።

ላፕቶፓቸው ላይ አንድ ፕሮግራም ነበር፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ በእንግሊዝኛ የሚያነብላቸው። ውድ ነው፣ እዚህም የሚሸጥበት ቦታ አልነበረም። በትምህርት ቤታቸው በበጎ ፈቃድ ያስተምር የነበረ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ገዝቶ ጫነላቸው፣ የላይሰንሱንም፣ ማለትም የመጠቀሚያ ፈቃዱን፣ ቁጥር በወረቀት ጽፎ ሰጣቸው። ወረቀቷን በላስቲክ ጠቅልለው ከመታወቂያቸው ጋር ይይዟታል።

አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን እንዲህ አሉኝ፦ «ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በሰው ዓይን ነው የተማርኩት። የሚያነብልኝ ልጅ ሲደክመው የእኔም ጥናት ያበቃል። ይሄ ግን አንዱን ገጽ አሥር ጊዜ ባስነብበው አይታክተው፣ አያኮርፈኝ።»

የመመረቂያ ጽሑፋቸው የቆቃ ሐይቅ ከመሙላቱ በፊት እዚያ ስለነበሩት መንደሮች ነበር። ሽማግሌዎቹን ራሳቸው እየዞሩ በስልክ ቀድተዋቸዋል። የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያንን ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በገዛ ጣታቸው መጻፍ። «ሌላውን ሁሉ ሰው ጽፎልኛል፣ ይሄን እንኳ ለራሴ» ይሉ ነበር።

መጀመሪያ የመጡት ከሰው ፍላሽ ቫይረስ ገብቶባቸው ነው። ያው ፎርማት አደረግሁት። ፕሮግራሙን መልሼ ጫንኩና የወረቀቷን ቁጥር አስገባሁ። መምህሩ ማዳመጫቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው አጠገቤ ተቀምጠዋል። ረጅም ጽሑፍ የያዘ መስኮት ወጣ። ኔክስት አልኩት።

«ቆይ እስቲ፣ ምን እያለ ነው?» አሉኝ።

«ምንም አይልም መምህር፣ ቀጥይ ነው የሚለው።»

ሲጨርስ «ገለቶሚ» ብለው አመስግነውኝ ሄዱ።

ሁለተኛው ነው የእኔ ጉድ። ከሁለት ወር በኋላ ይመስለኛል፣ አንድ ምዕራፍ ላትምላቸው ላፕቶፑን እኔ ጋ ትተው ክፍል ገቡ። ስከፍተው ዘገየብኝ። እኚህ ሰው በዚህ ኮተት እንዴት ይሠራሉ ብዬ አዘንኩላቸው። ማንም አላዘዘኝም። ላስደስታቸው ብዬ፣ እውነቴን ነው፣ ከልቤ ደስ እያለኝ ፎርማት አደረግሁት። ሲመለሱ «አዲስ አድርጌልዎታለሁ፣ ቁጥሯን ብቻ ይስጡኝ» አልኳቸው። ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር አለፈ። ወረቀቷን አወጡ፣ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ኔክስት፣ ኔክስት፣ ፊኒሽ። ሲያልቅ ማዳመጫውን አወለቁ።

«በጣም ጥሩ ሆኗል። ከእንግዲህ ግን ባትነኪው ይሻላል፣ ልጄ» አሉኝ በቀስታ።

እኔ ቂሏ ምስጋና መሰለኝ። ለአለቃዬ ሳይቀር አወራሁት።

ክረምት ገባ። ጽሑፉን ለማስረከብ ስድስት ሳምንት፣ ለመጨረስ ሁለት ምዕራፍ ሲቀራቸው ዓለም ጤና መብራት ሄዶ ሲመለስ በኃይል መጣና ኮምፒውተሩን አሳመመው። ይበራል፣ ግን ከጥቁሩ ስክሪን አያልፍም። ቅዳሜን ሳይጠብቁ ማክሰኞ ዕለት መጡ፤ ዝናብ ኮታቸውን አርሶታል፣ ቦርሳው ግን በላስቲክ ተጠቅልሎ ደረቅ ነው።

«ሳይጠፋ የሚድንበት መንገድ የለም? እስቲ በእናትሽ፣ ሌላ ነገር ሞክሪ» አሉኝ። እንደዚያ ብለው ለምነውኝ አያውቁም። ግማሽ ቀን ሞከርኩ። የማውቀው ሁሉ አለቀ። በመጨረሻ ፋይላቸውን አውጥቼ ፎርማት አደረግሁት፣ ቁጥሩንም አስገባሁ። ቀይ ጽሑፍ መጣ። ደግሜ አስገባሁ፤ ያው ቀይ።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን መስኮት አነበብኩት። ቁጥሩ አክቲቬት የሚሆነው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው ይላል። ኮምፒውተሩ ፎርማት ከመደረጉ በፊት ላይሰንሱን የሚመልሱበት ቦታ አለ፤ እሱን ሳይጫኑ ፎርማት ካደረጉት አንዱ እንደተበላ ይቆጠራል። አንዱን ፈረንጁ ተጠቅሞበታል። አንዱ በቫይረሱ ሄደ። ሦስተኛው ያቺ የእኔ ስጦታ ናት። እሷ ባትኖር ኖሮ ያን ማክሰኞ ቁጥሩ ይሠራ ነበር።

«ምን አለ?» አሉኝ።

«ኢንተርኔቱ ነው መምህር፣ ዛሬ ደካማ ነው» አልኳቸው። ዋሸሁ።

ከዚያ በኋላ ያልሞከርኩት የለም። ሰዓቱንና ቀኑን አስተካከልኩ፣ አንቲቫይረሱን አጠፋሁ፣ አጥፍቼ መልሼ ጫንኩ፣ በሰው ኮምፒውተር ሞከርኩ። ለኩባንያው ኢሜይል ጻፍኩ። ከብዙ ቀን በኋላ መልስ መጣ፤ ግዢው የተመዘገበበትን ኢሜይል ይላኩ ይላል። ወደ ፈረንጁ አድራሻ ስጽፍ መልእክቱ እየተመለሰ መጣ። ለኩባንያው ስልክ ደወልኩ፤ አንድ ይጫኑ፣ ሁለት ይጫኑ ሲለኝ ካርዱ አለቀ። አለቃዬ «ምን ያንገበግብሻል፣ ያለ ላይሰንስ የሚያስከፍት ክራክ አለልሽ» ብሎ ከየት እንዳመጣው የማላውቀውን ፋይል ሰጠኝ። እሱን ስጭነው ጭራሽ ድምፁ ሁሉ ጠፋ። ሁሉንም አውጥቼ እንደገና ጀመርኩ፣ የሚወጣው ያው ቀይ ጽሑፍ ነው።

ላይሰንስ ከሌለው ፕሮግራሙ አርባ ደቂቃ ብቻ ያነባል። አርባው ሲሞላ ጸጥ ይላል፤ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ካላስነሱት ቃል አይወጣውም። መምህሩ በዚያች አርባ ደቂቃ መጻፍ ጀመሩ። ማስነሳቱ ሩብ ሰዓት ይፈጃል፣ ባትሪው ደካማ ነው፣ የዓለም ጤና መብራት ደግሞ የታወቀ ነው። አንድ ቅዳሜ ላፕቶፑን ሰጡኝና «መሃል ላይ ድምፁ ተቋረጠብኝ፣ ሐሳቡ እንዳይጠፋኝ ብዬ ዝም ብዬ ጻፍኩት፤ ምን እንደሚል እይልኝ» አሉ። ከፈትኩት። አምስት ገጽ ሙሉ የማይነበብ የፊደል ክምር ነው። ጣታቸው አንድ ቁልፍ ወደ ቀኝ ተንሸራቶ እስከ መጨረሻው እንደዚያው ሄዷል።

«ትንሽ ስህተት አለው፣ አስተካክለዋለሁ» አልኳቸው። እያንዳንዱን ፊደል ወደ ግራ እየመለስኩ ሳምንት ሙሉ ፈታሁት። ውሃው ሲቀንስ የአባታቸው ቤት መሠረት ድንጋይ ይታያቸው እንደነበር አንድ ሽማግሌ ይናገራሉ። እንዴት ያለ ጥንቅቅ ያለ ጽሑፍ መሰላችሁ። ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጀርባ ተደብቄ አለቀስኩ። ያኔም ቢሆን አልነገርኳቸውም።

ሌላ ሰው እየጻፈላቸው ይጨርሱ አላቸው አማካሪያቸው። እሳቸው አይሆንም አሉ። ጊዜ ተጨመረላቸው፣ እሱም አለቀ። በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ሳይመጡ ቀሩ። በሚቀጥለውም አልመጡም። ስደውል «ሥራ በዛብኝ፣ ደህና ነኝ» ይሉኛል፣ ስለ ጽሑፉ ግን አያነሱም።

አሁን እዚህ ፋብሪካ አንዲት መስኮት ብትወጣ እስከ መጨረሻው ሳላነብ አልጫንም። ባልደረቦቼ ይስቁብኛል፣ ይሳቁ። ለማን ይጠቅማል ግን?

መምህሩ ከቀሩ ዓመት ሊሆነው ሲል፣ ገና ጥገና ቤቱ እያለሁ፣ አንዲት ዓይነ ስውር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ላፕቶፕ ልታሠራ መጣች። እሷም የሚያነብ ፕሮግራም አላት። ላይሰንሱን ከየት አገኘሽ ስላት ሳቀችብኝ። ይሄኛው ነፃ ነው፣ ላይሰንስ የሚባል ነገር የለውም፣ ድሮም ነበር አለችኝ። ድሮም ነበር። እኔ ያን ሁሉ ስባዝን አንድ ቀን ማንንም ብጠይቅ ይነግረኝ ነበር።

በማግሥቱ ፍላሽ ይዤ ዓለም ጤና ሄድኩ። መንገዱ ዳር አይሱዙዎች ሽንኩርት ይጭናሉ። የመምህሩ ቤት ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ነው። በረንዳ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ እግሬን ሲሰሙ «ኢንታላ» አሉኝ። ላፕቶፑ ሳጥን ላይ ጨርቅ ለብሷል። ነፃውን ጫንኩላቸው። ድምፁ ወጣ። ማዳመጫቸውን አድርገው አንድ ገጽ ያህል አዳመጡ።

«ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው» አሉ። የሰው ቤት ምግብ እንደሚያመሰግን ሰው ነበር አነጋገራቸው።

«እንግዲህ ይጨርሱታላ» አልኩ።

«ስሜን ሰርዘውታል። እንደገና ልጀምር ብል ከመጀመሪያው ነው አሉኝ። ከቀዳኋቸው ሽማግሌዎችም ሁለቱ ሞቱ፤ ማንን አስነብባለሁ ብለሽ ነው።» ማዳመጫውን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ።

ከዚያ በላይ አልቻልኩም። አወጣሁት። ያን ቁጥር የጨረስኩት እኔ ነኝ፣ ሳይጠይቁኝ ፎርማት አድርጌ ነው፣ ኢንተርኔቱ ደህና ነበር፣ ዋሽቼዎታለሁ አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ምኑን?»

«ማዳመጫው እኔ ጆሮ ላይ አልነበረም እንዴ? መጀመሪያ ጊዜ አንድ ቀርቷል አለኝ። ሁለተኛው ጊዜ አልቋል አለኝ።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩኝም? ለምን አልተቆጡኝም?»

ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። «ልጄ፣ እኔ የሚያነብልኝን ሰው ተቆጥቼ አላውቅም። አንዱን ካስቀየምኩ ሌላ ከየት አመጣለሁ? ከልጅነቴ የለመድኩት ነው። እንዲያውም ያን ቀን ልናገር አስቤ ነበር፣ ደስ ብሎሽ ስታወሪ ስሰማ ተውኩት።»

አሁን ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ። አንድ ክፉ ቃል ቢወጣቸው ይቀለኝ ነበር። እጃቸውን ዘርግተው ትከሻዬን እስኪያገኙት ድረስ ፈለጉና፣ «ምሳ በልተሻል?» አሉኝ።