የሐቦባ ዘይነብ በር

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ጳጳስ ከናፍጣ በርሜል አጠገብ ጫንኩ።

ደርግ ጎንደርን ሲያምሳት በመተማ ተሻግሬ ገዳሪፍ የገባሁ የሎሪ ሹፌር ነበርኩ። የኤጲስቆጶሳውያኑ፣ ማለትም የአንግሊካኖቹ፣ ቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪ ቄስ ዮናስ የሀገረ ስብከቱን ላንድሮቨር እንድነዳ ቀጠሩኝ። "ጳጳሳችን ከካርቱም በአውቶቡስ ይመጣሉ፤ ሄደህ ተቀበላቸው" አሉኝ።

እኔ የማውቀው ጳጳስ ጥቁር ቀሚስና ቆብ ያደርጋል፣ መስቀል ይይዛል፣ ከኋላው ጃንጥላ ይዘረጋለታል። እንዲህ ያለ ሰው ከአውቶቡሱ አልወረደም። የወረደው ኮሌታው ያለቀ ሸሚዝ የለበሰ፣ የቆርቆሮ ሳጥን ያንጠለጠለ አጭር ሰው ነው።

"የቤተ ክርስቲያኑ መኪና ይህ ነው?" አለኝ በዐረብኛ።

"ነው፤ ግን የፊቱ ወንበር የጳጳስ ነው። አንተ ከኋላ ውጣ።"

ሳይከራከር ወጣ። በዚያም አልበቃኝም፤ "በርሜሉ እንዳይንከባለል በእግርህ ደግፈው" አልኩት። ደገፈው። አንድ ሰዓት ሙሉ ጠብቄ ጳጳስ ሲጠፋ ተመለስኩ። ቄስ ዮናስ ከግቢው እየሮጡ ወጡ፤ እኔን አልፈው የሰውዬውን እጅ ሳሙ።

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ጳጳሱ ግን አቧራቸውን እያራገፉ፣ "ወንበሬን እንዲህ አጥብቆ የጠበቀልኝ ሹፌር አጋጥሞኝ አያውቅም። ተነሥ ኡስታ፣ ነገ መንገድ አለብን" አሉኝ። ሱዳን ውስጥ ሹፌር ሁሉ ኡስታ ነው፤ እንደኔ ያለውም ጭምር።

መንገዳችን ወደ ኸሽም ኤል ቂርባ አቅጣጫ ነበር። እዚያ ከሱዳን ደቡብ የመጡ የእርሻ ሠራተኞች የሣር ቤተ ክርስቲያን ሠርተዋል። የሚያገለግሏቸው ዲያቆን ጴጥሮስ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ዲያቆን ማቁረብ አይችልም፤ ቅስና ደግሞ ያለ ጳጳስ እጅ አይሰጥም። ሁለት ዓመት በተከታታይ ጳጳሱ ሊሄዱ ተነሥተው ዝናብ መልሷቸዋል። ሽማግሌው አሁን ደረታቸውን ታመዋል።

"ዘንድሮ ካልደረስኩላቸው ለከርሞ የማገኛቸው አይመስለኝም" አሉኝ ጳጳሱ፣ በማግስቱ ጠዋት ከፊት ወንበር ሆነው።

የትናንቱን ኀፍረት ልካስ ብዬ፣ "ከአስፋልቱ ብንወርድ በአቋራጭ እንደርሳለን" አልኩ።

"ታውቀዋለህ?"

"እንደ ቤቴ ጓዳ።"

የማውቀው አንድ ጊዜ በበጋ፣ በሰው ሎሪ ላይ ተኝቼ ሳልፍ ነው።

እኩለ ቀን ላይ ዘነበ። ዋልካው ጎማዎቹን እስከ ግማሽ ዋጣቸው። ጳጳሱ ሱሪያቸውን ሰብስበው ወርደው ይገፉ ጀመር፤ እኔ ነዳጅ በሰጠሁ ቁጥር ጎማው ጭቃውን እሳቸው ላይ ይረጫል። አጠገባችን ካሉት ጥቂት ጎጆዎች አንዲት አሮጊት ወጡ። ዘይነብ ይባላሉ፤ የሰፈሩ ሰው ሐቦባ ይላቸዋል፣ አያቴ እንደማለት።

"ማንን ይዘህ ነው?" አሉኝ።

"የክርስቲያኖቹን ታላቅ አባት።"

"የታሉ?"

"እኒያ የሚገፉት።"

ሐቦባ ጭቃ የለበሱትን ሰው አዩ። ከዚያ መሪ ጨብጬ ደረቅ እንደሆንኩ የተቀመጥኩትን እኔን አዩ። "አንተስ የምን ታላቅ ነህ?" አሉኝ። ወርጄ መግፋት ጀመርኩ።

ጳጳሱ የታመመ ሰው እንደሚጠብቃቸው ነገሯቸው። ሐቦባ ገብተው የጎጇቸውን የጣውላ በር ነቅለው በአናታቸው ተሸክመው መጡ። "ልጄ ሲያገባ ያሠራሁት ነው። ትመልሱልኛላችሁ።"

"እስከ ዓርብ" አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

ጎማው ሥር አነጠፍነው። መኪናው ወጣ፤ በሩ ለሁለት ተሰነጠቀ።

ዐሥር ሰዓት ላይ ደረስን። ዲያቆን ጴጥሮስ ከጠዋት ጀምሮ ነጭ ቀሚሳቸውን እንደለበሱ ጠፍር አልጋ ላይ ተቀምጠዋል። ምእመናኑም አልተበተኑም። ጳጳሱ ልብሰ ተክህኖውን ከጭቃማው ሱሪ በላይ ደርበው እጃቸውን ጫኑባቸው። ሲያነሡት የሽማግሌው ሽበት ላይ የጭቃ ጣቶች ቀሩ። ማንም አልጠረገውም። ኦርቶዶክስ ነኝና ውጭ ልቆም አስቤ ነበር፤ ሳላውቀው ውስጥ ገብቼ ተገኘሁ። አዲሱ ቄስ በየመሐሉ እየሳሉ ሕዝባቸውን ራሳቸው አቆረቡ።

በግ ታርዶ ነበር። ጳጳሱ፣ "ለኡስታ ፉል በሰሊጥ ዘይት አምጡለት፤ የሐዋርያትን ጾም ይዟል" አሉ። መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ነው የነገርኳቸው።

ቄስ ጴጥሮስ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ቀደሱ። እኔም ሁለት ጳጳሳትን በየአጥቢያው አመላልሻለሁ። ለወጣት ሹፌሮች የምለው፦ ሰው ከመጫናችሁ በፊት ማን እንደሆነ ጠይቁ። ሰማዩ ከጠቆረ ከአስፋልት አትውረዱ።

ዓርብ ሲደርስ መንገዱ በዝናብ ተዘግቶ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ገዳሪፍ ላይ ያሠራሁትን አዲስ በር መኪናው ላይ ጭኜ ሄድኩ። ጎጆዎቹ የሉም። ከብት ጠባቂዎች "ወደ ወድ ኤል ሒለው ሄደዋል" አሉኝ፤ እዚያም ጠይቄ ሐቦባን አላገኘኋቸውም።

ደርግ ሲወድቅ በሩን ይዤው ተመለስኩ። መተማ ቤቴ ግድግዳ ላይ ተደግፏል። የጓዳዬ በር ከተሰበረ ቆየ፤ ባለቤቴም "ያን ግጠመው እንጂ" ትለኛለች። አልገጥመውም፤ የሐቦባ ነው።