የታጠበው አሸዋ

እማማ ኩልል ውሃ ከመጠጣታቸው በፊት ያሸታሉ። መጀመሪያ ልብ ያልኩት ይህንን ነው። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሱታል፣ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው አፍንጫቸውን ያስጠጋሉ፣ ከዚያ አንዴ ብቻ ፉት። ውሃ ሽታ እንዳለው እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

«ኩልል» የሚለውን ስም ያወጡላቸው የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ሰዎች ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ለሕሙማን የሚጠጣ ውሃ ሲያጣሩ ኖረዋል። ጡረታ ከወጡ በኋላም ጠዋት ጠዋት እየመጡ ጓሮ ያለውን የሲሚንቶ ገንዳ ያያሉ። ከታች ጠጠር፣ ከላይ ደቃቅ አሸዋ አለበት። የሠሩት ሟች ባለቤታቸው ናቸው፤ ግንበኛ ነበሩ።

እህቴ እዚያ የጽዳት ሠራተኛ ናት። ምሳ ሳደርስላት ከእማማ ጋር እንጫወታለን።

«አሸዋውን ከወንዝ በጀርባችን ነው ያመጣነው» አሉኝ አንድ ቀን። «እኔ እነፋለሁ፣ እሱ ያጥባል። ‹አንቺ ሴትዮ፣ አሸዋ ነው የማጥበው ወይስ ሩዝ?› ይለኛል። ውሃው ኩልል ብሎ የወረደ ቀን ብርጭቆውን ፊቴ ላይ ደቅኖ በውሃው ውስጥ አየኝና ‹ዛሬ ገና አማርሽ› አለኝ። ወይ እሱ!»

«የቱ ማጣሪያ ይበልጣል ግን?»

«ጨርቅ እንደ ሰነፍ ዘበኛ ነው፤ ወፍራሙን ይዞ ቀጭኑን ያሳልፋል። ከሰል ሽታ ይወስዳል እንጂ ጀርሙን አይጨርስም። ማፍላት ይገድላል፤ ድፍርሱ ግን ያው ድፍርስ ነው፣ ማገዶውስ? በረኪና ጥሩ ነው፤ ውሃው ከደፈረሰ ግን ከጭቃው ጋር ሲታገል አቅሙ ያልቃል። አሸዋ ግን...» ድምፃቸው ለሰለሰ። «አሸዋ ቀስ ብሎ ነው።»

ባለፈው ወር ጤና ጣቢያው በመብራት የሚሠራ ማጣሪያ አገኘ። ቦታ ስለሌለ ገንዳው ይፍረስ ተባለ። እማማ «መብራት ሲጠፋስ?» ብለው ተሟገቱ። በመጨረሻ ኃላፊዋ፣ ውሃው ተመርምሮ ንጹሕ ከሆነ ገንዳው ይቆይ አሉ።

በምርመራው ዋዜማ እህቴና እኔ ልናስደስታቸው ፈለግን። አሸዋው ላይ አረንጓዴ፣ ዝልግልግ ያለ ነገር ተጋግሮበታል። አሸዋውን በአካፋ እያወጣን፣ በበረኪና አጥበን መለስነው። ነጭ ሆኖ ሲያበራ እንዴት ደስ አለን!

ጠዋት እማማ ክዳኑን ከፈቱ። ጣታቸውን አሸዋው ላይ አኖሩ።

«አማረልዎት አይደል?» አለች እህቴ።

«እናንተ ልጆች፣ ጉድ ሠራችሁኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ያ አረንጓዴ ልባስ እኮ ነው ውሃውን የሚያጠራው። በውስጡ ነፍስ አለበት፤ ጀርሙን የሚበላው እሱ ነው። እኔ በወራት አንዴ ከላይ ስስ አድርጌ ነው የምገፍፈው። አሁን እስኪመለስ ሦስት ሳምንት ይፈልጋል።»

የላቦራቶሪው ባለሙያ በር ላይ ደርሶ ነበር። እህቴ ደንግጣ የበረኪናውን ጠርሙስ አነሳች።

«እማማ፣ ውሃው ላይ ጠብ እናድርግበትና ይለፍ! ማን ያውቃል?»

እማማ ጠርሙሱን አዩት። ገንዳውን አዩት። ከዚያ በር ላይ ወረፋ የያዘች አንዲት እናትንና ያቀፈችውን ሕፃን አዩ።

«ዛሬስ ያልፋል። ነገ በረኪና የሌለበትን የሚጠጣው ያ ሕፃን ነው» አሉ።

ለባለሙያው ራሳቸው ነገሩት። «ገንዳዬ ታሟል። ሦስት ሳምንት ስጠኝ።»

«እማማ፣ አዲሱን ማጣሪያ የሚገጥሙት ሰዎች ሰኞ ነው የሚመጡት። ከየት ላምጣልዎት?» አለና ውሃውን ቀድቶ ሄደ። ውጤቱ እሳቸው እንደፈሩት መጣ።

ገንዳው ሊፈርስ ሲል እማማ የፕላስቲክ ባልዲ ይዘው መጡ። ከሥር ጠጠሩን፣ ከላይ አሸዋውን በእጃቸው እየዘገኑ ሞሉ። እህቴ ታለቅሳለች።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ።»

«ተይ እንግዲህ። ባሌም እኮ አሸዋ ማጠብ ይወድ ነበር።»

ባልዲውን ልሸከምላቸው ብል እምቢ አሉ።

«ሦስት ሳምንት ቆይተህ ቤት ና» አሉኝ። «ሳታሸት እንዳትጠጣ ታዲያ።»

እርጥቡ አሸዋ ወደ አንድ ጎን እያዘነበላቸው፣ ከባልዲው ሥር ውሃ ጠብ ጠብ እያለ፣ በበሩ ወጡ።